«እኛ ብቻችንን ብንጥር ምን ይለወጣል?»

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። «ሌላው እንደ ልቡ እያጨሰ እኛ ብቻ ብንቀንስ ምን ይፈይዳል?» ሀብታም አገርም ደሃ አገርም ይጠይቀዋል። ፓርላማ ውስጥ ይነሳል፣ ቤት ውስጥም ይነሳል። አንዳንዶች የሰነፍ ሰበብ ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ከኪሱ የሚከፍል ሰው የሚከፍልበትን ነገር ጥቅም ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሂሳቡን እንሥራው። (ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚከብድ እንይ። ነዳጅና ከሰል ሲቃጠሉ የሚወጣውና ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከየትኛውም አገር ይውጣ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከመላው ዓለም አየር ጋር ይቀላቀላል። ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ የሚባል ተራራ ላይ ይህን ጋዝ የሚለካ ጣቢያ አለ። በ1958 መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። አሁን ከ420 አልፈዋል። መሣሪያው ጭሱ ከቻይና ይምጣ ከጀርመን አይለይም። የሚያነበው ድምሩን ብቻ ነው።

ዓለም በዓመት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ቻይና ብቻዋን ሲሶ ያህሉን ትይዛለች። አሜሪካ 13 በመቶ ገደማ አላት። አብዛኞቹ አገሮች ግን አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም።

እንግዲህ ከዓለም ልቀት አንድ በመቶ የሚለቅ አገር እንውሰድ። በዓመት 370 ሚሊዮን ቶን ማለት ነው። ይህ አገር ዛሬውኑ ፋብሪካውንም መኪናውንም አቁሞ ልቀቱን ዜሮ አደረገ እንበል። በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 11 ቢሊዮን ቶን ያስቀራል። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት 1,000 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን በ0.45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቃል። ስለዚህ የዚህ አገር መስዋዕትነት ምድርን የሚያድናት ከ0.005 ዲግሪ ነው። ከአንድ ዲግሪ ሺህ ቦታ ተከፍሎ አምስቱ። ምንም ቴርሞሜትር አያገኘውም።

ይህን ቁጥር መደበቅ አያስፈልግም። «ብቻችንን ምን እናመጣለን?» የሚለው ሰው በዚህች ሂሳብ ላይ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሂሳቡ እዚህ ላይ ያለቀ ስለመሰለው ነው።

እስቲ ያንኑ ቁጥር ሁሉም በየፊናው ይበለው። ከዓለም ልቀት ሁለት በመቶ የማይሞላ ድርሻ ያላቸውን አገሮች ሁሉ ብንደምራቸው ወደ ሲሶ የሚጠጋ ይወጣቸዋል። ቻይናን የሚያህል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው «የኔማ ኢምንት ነው» ብለው ቢቀመጡ አንድ ትልቅ በካይ ያለ ጠያቂ ቀረ። ቻይናም ብትሆን ልቀቷ የብዙ አውራጃዎች ድምር ነው። እያንዳንዱ አውራጃ ለብቻው ቢጠየቅ ያንኑ መልስ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት አከፋፈል ጥፋተኛ የሚባል አይገኝም። ሙቀቱ ግን አለ።

ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኡርጌንዳ የሚባል ድርጅት ከ900 ከሚጠጉ ዜጎች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። «ልቀት የምትቀንስበት ፍጥነት አይበቃም፤ ሕይወታችንን አደጋ ላይ ጥለሃል» ነው ክሱ። መንግሥት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ የአገሪቱ ድርሻ ከዓለም አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ነው የሚል ነበር። እውነትም ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2015 ለከሳሾቹ ፈረደ። ጉዳዩ በይግባኝ ሄዶ ሄዶ ታኅሣሥ 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጸናው። የዳኞቹ መልስ ሲጠቃለል፣ እያንዳንዱ አገር የድርሻውን የመወጣት ግዴታ አለበት፤ የሌላው አለመቀነስ ያንተን ግዴታ አያነሳም የሚል ነው። መንግሥት በ2020 መጨረሻ ልቀቱን ከ1990ው ቢያንስ በ25 በመቶ እንዲቀንስ ታዘዘ።

በሕግ በኩል መልሱ ይህ ነው። በኑሮ በኩል ግን ፈተናው አለ። እኔ ወጪውን ከፍዬ ብቀንስ ጥቅሙን የሚያገኘው ያልቀነሰውም ጭምር ነው። ያልቀነሰው ደግሞ ወጪ የለበትም። ታዲያ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እስኪጀምር ይጠብቃል። «አንተ ቅደም»፣ «አይ፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። በ1997 ለሀብታም አገሮች የልቀት ገደብ የሚሰጠው የኪዮቶ ስምምነት ሊፈረም ጥቂት ወራት ሲቀሩት የአሜሪካ ሴኔት 95 ለ0 ውሳኔ አሳለፈ። በማደግ ላይ ያሉ አገሮችም አብረው ካልተገደዱ አሜሪካ አትገባም የሚል ነበር። አሜሪካ ፈረመች፣ ግን አላጸደቀችም። ካናዳ አጽድቃ ከገባች በኋላ በ2011 መውጣቷን አስታወቀች። የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት የተቀረጸው ከዚህ ትምህርት ተወስዶ ነው። ማንም ለማንም ኮታ አይሰጥም። እያንዳንዱ አገር የራሱን እቅድ ይዞ ይመጣል፣ በየአምስት ዓመቱም ያድሰዋል። እንግዲህ አሁን ያለንበት ሥርዓት ራሱ የተገነባው እያንዳንዱ አገር ለብቻው ከሚወስነው ነገር ላይ ነው። «ሁሉም ካልተስማማ አልጀምርም» የሚል አገር የሚጠብቀው ዓይነት ስምምነት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የአንድ አገር ጥረት የሚለካው አገር ውስጥ በቀነሰው ቶን ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው፤ አይተናል። ነገር ግን ድንበር የሚሻገረው ጭስ ብቻ አይደለም። ዋጋም ይሻገራል። ዕውቀትም ይሻገራል። ለዚህ ከጀርመን የመብራት ቢል የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ጀርመን በ2000 አንድ ሕግ አወጣች። ጣሪያው ላይ ሶላር የገጠመ ወይም የነፋስ ተርባይን የተከለ ሰው፣ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት በተወሰነ ዋጋ የሚገዛው እንደሚያገኝ ዋስትና ሰጠች። ዋጋው ከገበያው በላይ ነበር። ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን ነው? መብራት ተጠቃሚው። በየቤቱ በሚመጣው ቢል ላይ አንዲት መስመር ተጨመረች። በ2017 ያቺ መስመር በኪሎዋት ሰዓት 6.88 የዩሮ ሳንቲም ደርሳ ነበር። በዓመት 3,500 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከ240 ዩሮ በላይ ይከፍልባታል። ያውም ፀሐይዋ ደካማ በሆነችበት አገር! ብዙ ሰው አጉረመረመ። የተናደደ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ቢሉን የሚከፍለው ጡረተኛም ጭምር ነው፤ ጣሪያ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ ገንዘብ ምን ሠራ? ገበያ ፈጠረ። ሶላር ፓነል የሚያመርት ፋብሪካ ምርቴን ማን ይገዛኛል ብሎ መስጋት አቆመ። የቻይና ፋብሪካዎች በገፍ ገቡበት። ሶላር ደግሞ አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። ዓለም እስካሁን የሠራችው የፓነል ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ዋጋው 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሠራተኛው ይለምዳል፣ ብክነት ይቀንሳል፣ ማሽኑ ይሻሻላል። እናም እጥፉ በእጥፍ ላይ ሲደራረብ በ2010ሮቹ ዓመታት የፓነል ዋጋ በ90 በመቶ ገደማ ተናደ። ዛሬ ከጀርመን እጅግ በራቀ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር ሰው ፓነል የሚገዛው ለአየር ንብረቱ አዝኖ አይደለም። ስለሚረክስለት ነው። ያቺ የቢል መስመር በ2022 ቀረች። የወደቀው ዋጋ ግን ለሁላችንም ተረፈ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጀርመን ከዓለም ልቀት ሁለት በመቶ ገደማ ነው ያላት። ቶን ብቻ ብንቆጥርላት ያ ሁሉ ገንዘብ ኪሳራ ይመስላል። የከፈለችው ግን ለሌላውም መንገድ የጠረገ ክፍያ ነው።

ዴንማርክም እንዲሁ። ድርሻዋ ከጀርመንም በጣም ያነሰ ነው። በ1991 ሎላንድ ከምትባለው ደሴቷ ዳርቻ፣ ባሕር ውስጥ 11 የነፋስ ተርባይኖች ተከለች። ቪንደቢ ይባላል። ባሕር ላይ የተተከለ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ሲሆን በዓለም የመጀመሪያው ነበር። አሥራ አንዱ ተደምረው ወደ 5 ሜጋዋት ነበር የሚያወጡት። ያኔ ለሚያየው ሰው ከባሕር ጋር ትግል ለዚህች ብቻ? ያሰኛል። ዛሬ የሚተከል አንድ ትልቅ የባሕር ተርባይን 15 ሜጋዋት ያወጣል። አንዱ ብቻውን የዚያን ሙሉ ጣቢያ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ምሰሶውን ጨው እንዳይበላው፣ ማዕበል እንዳይነቀንቀው እንዴት ይደረግ የሚለውን የተማሩት ከእንደነዚያ ትንንሽ ማሽኖች ነው። ቪንደቢ በ2017 አገልግሎቱን ጨርሶ ተነቀለ። ዴንማርክ አሁን ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከነፋስ ታገኛለች።

ከፀሐይና ከነፋስ በፊትም ምሳሌ አለ። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳው ጋዝ ለሽቶና ለፀጉር በሚረጩ ቆርቆሮዎች ውስጥ ይሞላ በነበረ ጊዜ፣ አሜሪካ በ1978 ለአብዛኛው እርጭ እንዳይውል ከለከለች። ስዊድንም እንዲሁ። ጋዙን ለማስቀረት የተደረገው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1987 ነው። ቀድመው የከለከሉት «ይቻላል» የሚል ማስረጃ ይዘው ነው ጠረጴዛው ላይ የቀረቡት። እርግጥ ጋዙን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ፣ ምትክም ተገኝቷል። ነዳጅን ከሕይወታችን ማውጣት ከዚያ በጣም ይከብዳል። ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ይጠቅማል። ስምምነቱ ከጀማሪዎቹ በኋላ ነው የመጣው።

እንግዲህ ብቻውን መጀመር ሁልጊዜ ያዋጣል ማለቴ ነው? አይደለም። አንዳንዱ ጥረት እውነትም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል።

ብረት እንውሰድ። አንድ አገር ብቻውን በብረት ፋብሪካዎቹ ላይ ከባድ የካርቦን ታክስ፣ ማለትም በለቀቁት ካርቦን ልክ የሚከፈል ታክስ፣ ጣለ እንበል። የአገር ውስጥ ብረት ይወደዳል። ገዢው ታክስ ከሌለበት አገር ያስመጣል። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ብረቱ ግን ሌላ ቦታ ይቀልጣል። ምናልባትም በባሰ ጭስ። በወረቀት ላይ ያ አገር ልቀቱን ቀነሰ። ማውና ሎአ ያለው መሣሪያ ግን ምንም ለውጥ አያይም።

የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ድንበር ላይ ማስከፈል ነው። ከውጭ የሚገባ ብረት፣ አልሙኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ የመሳሰለው ሲመረት ምን ያህል ካርቦን እንደለቀቀ እንዲመዘገብ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። የክፍያው ግዴታ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ነው። ሻጩ አገር ራሱ የካርቦን ዋጋ ካስከፈለ ያ ይቀነስለታል። ስለዚህ ሻጩ አገር «ገንዘቡ ለአውሮፓ ከሚሄድ እኔው ላስከፍል» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ብልህ ዘዴ ነው። ግን ደሃ ላኪ አገሮችን ይጎዳል የሚለው ቅሬታም ባዶ አይደለም። ለዘመናት ያለ ገደብ ያጨሰ አሁን ሌላውን በር ላይ ቆሞ ቀረጥ ሲጠይቅ ቢያስከፋ አይገርምም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ለፋብሪካዎችና ለኃይል ማመንጫዎች የልቀት ፈቃድ ይሰጣል። የፈቃዱ ጠቅላላ ብዛት የተወሰነ ነው። በዚህ ውስጥ አንድ አባል አገር በራሱ ተነሳሽነት የከሰል ጣቢያ ቢዘጋ፣ የተረፈውን ፈቃድ ሌላው ገዝቶ ሊያጨስበት ይችላል። ውሃ የሞላ ከረጢት አንዱን ጫፍ ስትጫኑት ሌላው ጫፍ እንደሚያብጠው። በኋላ ትርፍ ፈቃዶች እንዲሰረዙ የሚያደርግ ደንብ ወጥቶ ችግሩ ቀለል ብሏል። ግን ትምህርት ነው፦ ከመጀመር በፊት ያለህበት ሥርዓት ጥረትህን ይውጠው አይውጠው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምኑን ለብቻ መሥራት ያዋጣል? የእኔ ሚዛን ቀላል ነው። ዕቃው በመርከብ ተጭኖ የሚዞር ከሆነ ከሌሎች ጋር መተባበር ይሻላል። ዕቃው አገር ውስጥ የሚቀር ከሆነ ግን ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርት፣ ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ በአብዛኛው እዚያው የሚያልቁ ናቸው። አውቶቡሱን ኤሌክትሪክ ስላደረግከው አውቶቡሱ ወደ ጎረቤት አገር አይሰደድም።

ብሪታንያ ይህን አሳይታለች። በ2012 ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ያህሉ ከድንጋይ ከሰል ነበር። በ2013 ከአውሮፓው የልቀት ፈቃድ ዋጋ በላይ የራሷን ተጨማሪ የካርቦን ዋጋ በኃይል ማመንጫዎች ላይ ጣለች። ብቻዋን። ከሰል አላዋጣ አለ። መስከረም 30 ቀን 2024 የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ ተዘጋ። ለሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው የመጀመሪያው የከሰል ጣቢያ ለንደን ላይ የተከፈተው በ1882 ነበርና የ142 ዓመት ታሪክ አበቃ። አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ብሪታንያ ልቀቷን ስትቀንስ ከፊሉ የመጣው ፋብሪካዎቿ ወደ ውጭ ስለሄዱ ነው። የምትጠቀምበትን ዕቃ ሌላው አጭሶ ይልክላታል። ከሰሉን መተዋ ግን እውነተኛ ቅነሳ ነው።

እዚያው የሚቀር ሌላ ጥቅምም አለ። ከሰልና ናፍጣ ሲቃጠሉ ካርቦን ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ሳንባ የሚገባ ደቃቅ ብናኝም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ከቤት ውጭ ያለ የአየር ብክለት ወደ 4.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው ቀጥፏል። ጭሱን የቀነሰ አገር የልጆቹን ሳንባ ለማዳን የሌላ አገር ፊርማ አይጠብቅም። ይህ ጥቅም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት ይታያል። እኔ ብሆን ክርክሩን የምጀምረው ከዚህ ነው።

ኖርዌይ ግን ልቤን ሁለት ቦታ ትከፍለዋለች። በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በባትሪ ብቻ የሚሄዱ ናቸው። ታክስ እያነሳች ለዓመታት የገፋችበት ፖሊሲ ውጤት ነው፤ ሌላውም ዓለም እንደሚቻል ከእሷ ተምሯል። በሌላ በኩል ነዳጅና ጋዝ ለዓለም መሸጧን ቀጥላለች። የሚቃጠለው ውጭ ስለሆነ በእሷ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። አርአያነቷን አደንቃለሁ። ግን አርአያ ሊሆን የሚፈልግ አገር የሚሸጠውንም መቁጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

«ማን ይቅደም?» ለሚለው ግን ሁሉንም አገር እኩል አድርጎ ማየት ፍትሕ አይደለም። አሜሪካዊው በነፍስ ወከፍ በዓመት 14 ቶን ገደማ ይለቃል፣ ቻይናዊው ወደ 8 ቶን፣ ሕንዳዊው ወደ 2 ቶን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ለብዙ ዘመን አየር ላይ ይቆያልና የጥንቱም ይቆጠራል። እስካሁን ከተለቀቀው ውስጥ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ይባላል። ሸክሙ ሲከፋፈል ግን አንዱ በሬ ይዞ፣ አንዱ ሕፃን አዝሎ እንደመጣ መታየት አለበት። መብራት ያልደረሰው ሕዝብ ያለበትን አገር «አንተም እንደኔ ቀንስ» ማለት ነውር ነው። ያ አገር ማድረግ ያለበት የሚገነባውን አዲስ ነገር ከጅምሩ በርካሹ ንጹሕ ኃይል መገንባት ነው። ርካሽ የሆነለት ደግሞ ሌሎች ቀድመው ስለከፈሉ ነው።

ልቀት የሌለው ደሃ አገር ብቻውን ሊሠራው የሚችል፣ ማንም ሊከለክለው የማይችል ሌላ ሥራ አለ፦ ራስን ማዘጋጀት። በ1970 የአሁኗን ባንግላዴሽ የመታው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፈቃደኞች የማስጠንቀቂያ ቡድን ተቋቋመ። አውሎው ሲቃረብ ፈቃደኞቹ የምልክት ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ሜጋፎን ይዘው በየመንደሩ ይዞራሉ፣ አቅመ ደካማውን ወደ መጠለያ ይወስዳሉ። መጠለያዎቹ ከጎርፉ ከፍ ብለው በኮንክሪት የተሠሩ ናቸው። በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ባንግላዴሽን ሲመታ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሠራ የዓለም ስምምነት አልተጠበቀም። ባሕሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ባንዲራና መጠለያ ብቻቸውን አይበቁም።

ለዚህ ነው የቫኑዋቱ ነገር የሚገርመኝ። ፓስፊክ ውስጥ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ 300,000 ገደማ ነው። የምትቀንሰው ልቀት የላትም ማለት ይቻላል። በዚያ አካባቢ ያሉ የሕግ ተማሪዎች በ2019 አንድ ሐሳብ አመነጩ፦ ጉዳዩን ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እናቅርብ። ቫኑዋቱ ተቀብላ በየአገሩ በር እያንኳኳች ዞረች። መጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄው ለፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ያለ ተቃውሞ ተስማማ።

ሐምሌ 23 ቀን 2025 የፍርድ ቤቱ መቀመጫ በሆነችው ዘ ሄግ ላይ አሥራ አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ አስተያየታቸውን ሰጡ። አገሮች የአየር ንብረቱን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው አሉ። አስተያየቱ እንደ ፍርድ አያስገድድም፤ ግን በየአገሩ ያሉ ዳኞች ያነቡታል። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ያነሳነውን ጥያቄም አልዘለሉትም። ጉዳቱን ያደረሱት ብዙ አገሮች መሆናቸው አንዱን ለብቻው ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣውም ብለዋል።